የፊት ፍሬን ጠላት አይደለም
ከካርቱም ጎዳና ለካምፕ ሞተረኞች

በዛሬው ገጻችን ስለ ሞተር ሳይክል የፊት ፍሬን እናወጋለን። «ስንት ችግር እያለብን ስለ ፍሬን ታወራላችሁ እንዴ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን እንደሚታወቀው በካምፓችን ዱቄትም ሆነ ጀሪካን፣ ሕመምተኛም ሆነ ምጥ የያዛት እናት፣ መኪና ሲጠፋ የሚጓጓዙት በሞተር ነው። አንድ ሞተር የስንት ቤተሰብ እንጀራ እንደሆነ የምታውቁት ነው። ያ ሞተር በጊዜው መቆም ካልቻለ እንጀራውም፣ ነጂውም፣ ከኋላ የተቀመጠችውም እናት አብረው ይሄዳሉ።

ካርቱም ለኖርነው ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በዴም፣ በጅሬፍ፣ በሰሃፋ ሰፈሮች ብዙ ወገኖቻችን በሞተርና በራክሻ ሲተዳደሩ ኖረዋል። ራክሻ የምንለው በአገራችን ባጃጅ የሚባለውን ባለ ሦስት ጎማ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ከከተማ የወጣው ሕዝብ ባገኘው ነገር ነበር የወጣው፤ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በአህያ ጋሪ፣ በራክሻና በሞተር። ከዚያም ብዙው የሙያ ሰው ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ከሰላ፣ ወደ ፖርት ሱዳን ተበተነ። መጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ ከያዘ ወዲህ የሚመለሰው ተመልሷል፣ ያልተመለሰው ደግሞ እዚሁ አጠገባችን አለ። በዛሬው ጽሑፋችን የምናቀርበውም በዚያች ከተማ ወርሻዎች ስንውል የቀሰምነውን ነው።

«ዲስክ ላስገጥም?»

ከወጣት ሞተረኞች በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። ቦክሰር የያዘ ልጅ ፐልሳር የያዘውን ያይና የፊት ጎማው ላይ የሚያብረቀርቀው ዲስክ ያስቀናዋል። በካርቱም ወርሻዎች እንዲህ ያለውን ልጅ ዕድሜ የጠገበ ኡስታ (መካኒክ ማለት ነው) ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ነበር የሚመልሰው።

«ኡስታ፣ ዲስክ አስገባልኝ።»

«ልጄ፣ መጀመሪያ ገመድህን አሳየኝ።»

ገመዱ ሲታይ ዝጓል፣ ወይም ላላ ብሎ ተንጠልጥሏል፣ አለዚያም ከነአካቴው ተፈትቶ ተጥሏል። የኛም ነጥብ ይኸው ነው። ለፍሬን የምታወጡት ገንዘብ ተራ አለው። መጀመሪያ ያላችሁን ፍሬን ወደ ጤናው መልሱ። ቀጥሎ የሚያልቀውን ዕቃ በጥሩ ዕቃ ተኩ። ዲስክ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም ከመጣ በሙሉ ዕቃው መምጣት አለበት። ተራውን የዘለለ ሰው ገንዘቡንም ያጣል፣ ፍሬንም አያገኝም።

የፊቱን ለምን ይፈሩታል?

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል» የሚለው ወሬ በካምፕም በከተማም የተስፋፋ ነው። አንዳንዱም ወሬውን አምኖ ገመዱን ፈትቶ ይጥለዋል። ወሬው ጭራሽ ውሸት አይደለም። በአሸዋ ላይ ወይም መሪው ታጥፎ እያለ የፊቱን በድንገት የጨበጠ ሰው ይወድቃል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ፍሬኑን መጣል ሳይሆን አያያዙን መማር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ የሞላ ጀሪካን በጋሪ ላይ አስቀምጣችሁ ጋሪውን በድንገት ብታቆሙት ውኃው ወደ ፊት ይገፋል። ሞተርም ሲቆም እንደዚያው ነው፤ የነጂውም፣ የተሳፋሪውም፣ የጭነቱም ክብደት ወደ ፊት ጎማ ይጫናል። የፊቱ ጎማ አስፋልቱን አጥብቆ ሲይዝ የኋላው ይቀልና ቢጨብጡትም መንሸራተት ይጀምራል። በመሆኑም በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሚያው ኃይል ከግማሽ በላይ፣ ጠንከር ተብሎ ሲያዝም ወደ 70 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከፊት ነው። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው ትልቁን ፍሬኑን ቤት ትቶ የወጣ ሰው ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ዓይን አይቶ እጅ እስኪጨብጥ አንድ ሰከንድ ይወስዳል ብንል 17 ሜትሩ ያለ ፍሬን ያልቃል። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ፍሬን በደንብ የያዘ ሰው 28 ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ ድምሩ 45 ሜትር ይሆናል። በኋላው ብቻ የሚይዝ ሰው ግን ከጨበጠ በኋላ 46 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ድምሩ 63 ሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው የ18 ሜትር ልዩነት ሁለት የመማሪያ ክፍሎች ጎን ለጎን ቢቆሙ የሚይዙት ርዝመት ነው። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ደግሞ የሚከተለው ነው። በሁለቱ ፍሬን የያዘው ሞተር ቆሞ ባበቃበት ቦታ ላይ የኋላውን ብቻ የረገጠው ገና በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። በዚያ ቦታ ላይ አንድ ሕፃን ቆሞ ቢሆን ምን እንደሚከተል መናገር አያሻም።

የካርቱም መንገድ ያስተማረን

ካርቱም ሜዳ ናት፤ ዳገት ቁልቁለት የላትም። ታዲያ ፍሬን ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ሦስቱ ከተሞች፣ ካርቱም፣ ባህሪና ኦምዱርማን፣ በናይል ድልድዮች የተያያዙ ናቸው። ድልድይ ላይ መንገዱ ሲከፈት ሁሉም ይፈተለካል፣ ከድልድዩ ሲወርድ ደግሞ ሰልፍ ይጠብቀዋል። ባህሪን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የሸምባት ድልድይ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ ተሰብሯል፤ ድልድይ በጎደለ ቁጥር መንገደኛው በቀረው ላይ ይጠባበቃል። አውቶቡሱ ያለ ምልክት ይቆማል፣ የአህያ ጋሪ ከቅያስ ብቅ ይላል። ሞተረኛው በቀን ስንት መቶ ጊዜ ፍሬን እንደሚይዝ መቁጠር ያስቸግራል።

በዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። በግንቦትና በሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ የዘወትር ነገር ነው፣ 45 የሚያልፍበትም ቀን አለ። ፍሬን ማለት ሩጫን ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ ነው፤ ያ ሙቀት መሄጃ ሲያጣ ፍሬኑ ይደክማል። ሀቡብ ሲነሣ ደግሞ ደቃቁ አቧራ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። አስፋልቱ ላይ የሚቀረው ስስ አሸዋም ከጎማ በታች እንደ ጤፍ ይንከባለላል። ገዳሪፍ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ አሸዋው ቢቀርላችሁ ጥቁር አፈሩ አለ፤ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል።

ያለውን ማዳን

አብዛኛው ቦክሰርና መሰሉ የሥራ ሞተር የፊት ፍሬኑ ታምቡር ነው። እንደ ሞዴሉ የታምቡሩ ስፋት 110 ወይም 130 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በታምቡሩ ውስጥ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሸራዎች አሉ። መያዣውን ስትጨብጡ ገመዱ ይሳባል፣ ገመዱ ትንሿን ክንድ ያዞራል፣ ክንዷም ሸራዎቹን ወደ ውጭ ገፍታ ከታምቡሩ ጋር ታጣብቃለች። እኛ «ሸራ» እንላለን፣ ሱዳኖች ደግሞ «ጉማሽ» ይሉታል፤ ሁለቱም ጨርቅ ማለት ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልመጣም። በድሮ ጊዜ የፍሬን ማጣበቂያ የሚሠራው ከተሸመነ ጨርቅ ነበርና ዕቃው ቢለወጥም ስሙ ቀርቷል።

ሥራው በተራ እንዲህ ይሄዳል።

አንደኛ፣ ገመዱ። ከሁለቱም ጫፍ ፈትታችሁ ስትስቡት ያለ ምንም መንተፋተፍ መንሸራተት አለበት። አንድ ክሩ የተበጠሰ ገመድ ዛሬ ነገ ሳይባል ይቀየር፤ በጭንቁ ቀን የሚበጠሰው እሱ ነው። ከፍሬን ዕቃ ሁሉ ርካሹ ገመድ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የፍሬኑን ግማሽ ጤና የሚመልሰውም እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሸራው። ጎማውን አውጥታችሁ እዩት። ማጣበቂያው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ከሳሳ አልቋል። በብዙ ሞተሮች ላይ ጎማው ሳይወጣ የሚያሳይ ቀስት ከታምቡሩ ክዳን ውጭ አለ፤ መያዣውን ስትጨብጡ ቀስቱ ከምልክቱ ላይ ከደረሰ ሸራው በቃኝ ብሏል ማለት ነው። አንዳንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ክንዷን ነቅሎ ወደ ኋላ ያዞርና መልሶ ይገጥማታል፤ ፍሬኑም ለጊዜው የዳነ ይመስላል። ይህ ያለቀውን ሸራ መደበቅ ነው። ዘይት ወይም ግራሶ የጠጣ ሸራም በቤንዚን ቢታጠብ አይመለስም፣ መጣል ነው።

ሦስተኛ፣ ታምቡሩ። ውስጡ በጣት ሲዳሰስ ጉድጓድና ጠርዝ ካለው ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ይቻላል። ነገር ግን ገደብ አለው። ብዙ ጊዜ ታምቡሩ ላይ የመጨረሻው ስፋት በቁጥር ተጽፏል፤ ከመጀመሪያው ስፋት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቢበልጥ ነው። ከዚያ ካለፈ ታምቡሩ ይሳሳል፣ ሲግል ደግሞ ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል።

አራተኛ፣ ክንዷ የምትዞርበት ዘንግ። ተጠርጎ በጣም ጥቂት ግራሶ ይነካው። ብዙ ከተቀባ ግሎ ይፈስና ሸራው ላይ ይደርሳል።

አምስተኛውን በደማቅ አስምሩበት። ጎማውን መልሳችሁ ስትገጥሙ በታምቡሩ ክዳን ላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ በአሞርዛተሩ እግር ላይ ካለው ጉጥ ጋር ልክ መግባት አለበት። ክዳኑ እንዳይዞር የሚይዘው ይህ ጉጥ ብቻ ነው። ሳይገባ ከቀረ፣ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ክዳኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ገመዱን ይጠቀልላል፣ ጎማው ባለበት ቀጥ ይላል። በዚህ ጊዜ የፊት ፍሬን እውነትም ይገለብጣል። ጎማ አውጥቶ ያስገባ መካኒክ ወዳጃችሁም ቢሆን «ጉጡን አየኸው?» ብላችሁ ጠይቁት፣ አይቀየማችሁ።

ዲስክ የሚገባው መቼ ነው?

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሞተሩ ሰውና ጭነት እያመላለሰ ቀኑን ሙሉ የሚውል ከሆነ ዲስክ ማሰብ ተገቢ ነው። ዲስክ በሞተር ሳይክል ላይ በሰፊው የታወቀው ሆንዳ በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሲቢ 750 ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ታምቡር ሙቀቱን ውስጡ አፍኖ ይይዛል፣ ዲስክ ግን ነፋስ ላይ ነው ያለው። ታምቡር ሲግል ከሸራው ይሸሻል፣ ዲስክ ግን አይሸሽም። በተጨማሪም ገመድ የለውም፤ የእጃችሁን ኃይል የሚያደርሰው የፍሬን ዘይት ነው።

ችግሩ ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው። ዲስክ ብቻውን አይገባም። ዲስክ የሚታሰርበት ሞዞ፣ የሚነክሰው ካሊፐር፣ ካሊፐሩ የሚታሰርበት ጆሮ ያለው አሞርዛተር፣ የጎማው ዘንግ፣ መሪው ላይ የሚቀመጠው ፓምፕና ቱቦው ሁሉ አንድ ላይ መምጣት አለባቸው። የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድም በታምቡሩ ክዳን በኩል የሚመጣ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ከአንድ ሞተር የወጣ ሙሉ የፊት ክፍል መግዛት ነው። ፐልሳር ለብዙ ዓመታት 240 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይዞ የመጣ በመሆኑ ዕቃው በገበያ አይጠፋም፤ ሆኖም አሞርዛተሮቹን ከላይና ከታች የሚይዙት ሳህኖችና የመሪው ኩሽኔታ መስማማታቸው አስቀድሞ መለካት አለበት። «ይገባል፣ አታስብ» በሚል ቃል ብቻ ገንዘብ አይከፈልም።

ሁለት ነገሮችን ግን በፍጹም አትቀበሉ። አንደኛው፣ ጆሮ በሌለው አሞርዛተር ላይ ብረት በይዶ ካሊፐር ማሰር ነው። አሞርዛተሩ በእሳት ይዳከማል፣ የተበየደውም ብረት ሙሉ ኃይል ባረፈበት ቀን ይገነጠላል። ሁለተኛው፣ ፓምፑን ከአንዱ፣ ካሊፐሩን ከሌላው ለቃቅሞ ማጋባት ነው። የፓምፑ ፒስተን ለካሊፐሩ ከልክ በላይ ትልቅ ከሆነ መያዣው እንደ ድንጋይ ይደርቅና ብትጨብጡትም ሞተሩ አይቆምም። ከልክ በላይ ትንሽ ከሆነ ደግሞ መያዣው እስከ መሪው ድረስ ይገባል። ከአንድ ሞተር የወጡ ከሆኑ ግን ሲሠሩ ተለክተው የተጋቡ ናቸው።

ስለ ፍሬን ዘይት

ይህ ክፍል የራክሻ ነጂዎችንም ይመለከታል፤ የራክሻም ፍሬን ታምቡር ቢሆንም የሚሠራው በዘይት ነውና። ዕቃው ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ ይጻፋል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፣ ዶት 4 ደግሞ በ230። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት ሲጠጣ የመፍያው ልክ ወደ 140ና ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ደግሞ ሲጨበጥ ይጨመቃል፤ መያዣው ባዶ ይሆንባችኋል። ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ የሰነበተ ጠርሙስ በርካሽ ቢሸጥላችሁም አትግዙ፤ በየሁለት ዓመቱም ዘይቱን ቀይሩ። ዶት 5 የሚባለው ሌላ ዓይነት ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

የፍሬን ዘይት ሲጠፋ የሞተር ዘይት፣ አንዳንዴም የሳሙና ውኃ የሚጨምሩ አሉ። የሞተር ዘይት የፓምፑን ጎሚኒዎች ያሳብጣቸዋል፣ ውኃው ደግሞ ይፈላል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ለጊዜው የዳነ ፍሬን ከሳምንት በኋላ ሰው ይገድላል። ዘይቱን ስትቀይሩ አየሩ ከቱቦው ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። መያዣው እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ቀርቷልና ሞተሩ ከወርሻው አይውጣ።

ለመካኒኮቻችንና ለረዳቶቻቸው

ታምቡር ሲከፈት የሚወጣውን ብናኝ በአፋችሁ እፍ አትበሉት፣ በኮምፕረሰርም አትንፉት። በተለይ የቆየና ስሙ የማይታወቅ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ይህ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ ጨርቁን በላስቲክ አስራችሁ ጣሉ። ወርሻ ውስጥ ለሚረዱ ልጆች ደግሞ ይህን ሥራ አትስጡ።

አዲስ ፍሬን ልምምድ ይፈልጋል

አዲስ ሸራ ወይም ፓድ በገባበት ቀን ሙሉ ኃይል አይሰጥም፤ ገና ከታምቡሩ ወይም ከዲስኩ ጋር አልተላመደም። ባዶ መንገድ ፈልጋችሁ ከ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተነሣችሁ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ያህል በመጠኑ ያዙት፣ በየመካከሉ እንዲበርድ ጊዜ ስጡት። ተሳፋሪ ከዚያ በኋላ ይጫናል።

አያያዙም እንዲህ ነው። መያዣውን አትንጠቁት። መጀመሪያ ለስለስ አድርጋችሁ ክብደቱ ወደ ፊት እስኪመጣ ጠብቁ፣ ይህም የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ከዚያ እየጨመራችሁ ጭመቁ። መሪው ቀጥ ያለ ይሁን። የኋላውን አብራችሁ በለዘብታ ርገጡ። አሸዋ፣ ጠጠር ወይም እርጥብ ጥቁር አፈር ላይ ከሆናችሁ ግን የፊቱን በጣም አቅልሉት፣ ከሁሉም በላይ ፍጥነታችሁን አስቀድማችሁ ቀንሱ። ደግሞም አትርሱ፣ ዲስክም ቢገባ መሬቱን የያዘው ጎማው ነው። ጥርሱ ባለቀ ጎማ ላይ የገባ ዲስክ ቶሎ ከማንሸራተት በቀር የሚፈይደው የለም። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጎማውን ግዙ።

ማለዳ የአንድ ደቂቃ ሥራ

ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት መያዣውን ጨብጡት፤ ጣታችሁ ከመሪው ጋር ከመገናኘቱ በፊት መጠንከር አለበት። ሞተሩን ወደ ፊት ገፍታችሁ የፊቱን ብቻ ያዙ፤ ቀጥ ማለት አለበት። ልቀቁት፤ ጎማው በነፃ መዞር አለበት። ገመዱን፣ ወይም ዘይቱ ከምልክቱ በላይ መሆኑን ተመልከቱ። ይህን የሚያደርግ ሰው የፈቃድ ወረቀቱንም በዚያው ኪሱ ውስጥ ይይ፤ በሱዳን ከካምፕ ውጭ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ እንደሚጠየቅ የማያውቅ የለም።

እኛ ስደተኞች ብዙ ነገራችን በሌላ ሰው እጅ ነው። ራሽኑ መቼ እንደሚመጣ፣ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት፣ ጉዳያችን መቼ እንደሚታይ የምንወስነው እኛ አይደለንም። የሞተራችን ፍሬን ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው። ገመዱን ፈትቶ የጣለ ወንድም ካለ ዛሬውኑ ይግጠመው፤ ከኋላ የምትቀመጠው እናት ፍሬኑ ይሥራ አይሥራ የምታውቅበት መንገድ የላትም፣ የምታምነው እሱን ነው። ቸር ይግጠመን።